ከነፋሱ ቀድሞ የሚደርስ ውሃ

ሮይ ናሙር በማርሻል ደሴቶች፣ ክዋጃሌይን በተባለው አቶል (ቀለበት ሠርተው በተደረደሩ የኮራል ደሴቶች) ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። የአሜሪካ ጦር ራዳሮች ተተክለውባታል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባሕር ውሃ የመመገቢያ አዳራሹን በር ገንጥሎ ገባ። በስልክ የተቀረጸው ምስል ዓለምን ዞሯል፤ ውሃው በሩን በርግዶ ሲገባ ቆመው የነበሩ ሰዎች ተጠርገው ይወድቃሉ። በደሴቲቱ ከነበሩት 120 ያህል ሰዎች 80 የሚሆኑት ወደ ሌላ ደሴት ተወሰዱ። በዚያች ሌሊት ሮይ ናሙር ላይ የወረደ አውሎ ነፋስ አልነበረም። ሞገዱን ያስነሳው ነፋስ የነፈሰው ከዚያ እጅግ ርቆ፣ ክፍቱ ውቅያኖስ ላይ ነበር።

ስለ ፓስፊክ ደሴቶች አደጋ ሲወራ የሁሉም ዓይን የሚተከለው በትንበያ ካርታው ላይ በምትሽከረከረው ነጭ ክብ ላይ ነው። ስም ወጥቶላታል፣ ደረጃ ተሰጥቷታል፣ የምትሄድበት መስመር ተሰምሮላታል። ቋንቋችንም ለዚህ ያመቻል፤ «አውሎ ነፋስ» ስንል ስሙ ነፋሱን ይዞ ውሃውን ይተወዋል። እኔ «ማዕበል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የባሕሩን መናወጥ በውስጡ ይዟልና። የደሴት ሰው ኑሮ የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ በውሃው ነው።

ማዕበሉ የትም ቢነሳ አንድ ነው፤ የሚለያየው ስሙ ነው። በሃዋይ በኩል ሃሪኬን፣ ከቀን መለያው መስመር በስተምዕራብ ባለው ሰሜን ፓስፊክ ታይፉን፣ በፊጂና በቫኑዋቱ ሳይክሎን ይባላል። 1994 ላይ ጆን የተባለው ማዕበል መስመሩን ሁለት ጊዜ አቋርጦ ከሃሪኬንነት ወደ ታይፉንነት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ሃሪኬንነት ተለውጧል። ለመነሳት ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ባሕር ይፈልጋል። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስም ይወጣለታል፣ 119 ሲደርስ ሃሪኬን ይሆናል። ከምድር ወገብ በላይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል፣ ከወገቡ በታች ከሰዓት ቆጣሪ ጋር። የደቡቡ ወቅት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ የሃዋይ ደግሞ ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ጓም ባለችበት ምዕራባዊ ሰሜን ፓስፊክ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊመጣ ይችላል። የሆኖሉሉ፣ የቶኪዮና የፊጂዋ ናንዲ ማዕከላት ውቅያኖሱን ተካፍለው ይጠብቁታል።

ወደ ውሃው ልመለስ። የባሕር ዳር ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ መቁጠር። አንድ ሞገድ ድንጋዩን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ ቀጣዩ እስኪመታ ስንት ሴኮንድ ሄደ? እዚያው የሚነፍሰው ነፋስ የቀሰቀሰው ሞገድ የተበጣጠሰና የተዘበራረቀ ነው፤ በየ6 ወይም በየ8 ሴኮንዱ ይመላለሳል። ከሩቅ ማዕበል የመጣው ግን ይዘገያል፤ 14፣ 16፣ አንዳንዴም 20 ሴኮንድ ያስጠብቃል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የዘንባባው ቅጠል ሳይንቀሳቀስ፣ ባሕሩ በረጅሙ መተንፈስ ይጀምራል።

የዚህ ቁጥር ትርጉም ከባድ ነው። የ20 ሴኮንድ ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ከአናት እስከ አናት ከ600 ሜትር በላይ ይርቃል፣ ጉልበቱም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማዕበሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሞገዱ ወላጁን ቀድሞ ይደርሳል፤ ወላጁ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ውቅያኖስ ላይ ያለ መርከበኛ ከሥሩ ሲያልፍ ልብ ላይለው ይችላል፤ ቀስ ብሎ ያነሳዋል፣ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ግን ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ወደ ታች 300 ሜትር ያህል ይወርዳል። ደሴቲቱ ጋ ሲቃረብ የባሕሩ ወለል ከሥር ይይዘዋል፤ ፊቱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ይደርስበታል፣ ቁመቱም ያድጋል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የባሕር ውሃ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። አንድ ሞገድ ይዞ የሚመጣው የዚህን ስንት እጥፍ እንደሆነ አንባቢ ያስበው።

ሞገድ እስከ የት ይሄዳል የሚለውን የለካው ዋልተር መንክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሃራልድ ስቬርድሩፕ ጋር ሆኖ የባሕር ዳርቻ ሞገድን አስቀድሞ የመተንበያ ዘዴ ያወጣ፣ ዘዴውም ለኖርማንዲው ወረራ ያገለገለ ሰው ነው። 1963 ላይ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያዎች አስዘርግቶ፣ እሱ ራሱ ሳሞዋ ተቀምጦ፣ ከአንታርክቲካ በኩል የተነሱ ሞገዶችን እየተከታተለ መዘገበ። ከተወለዱበት ቀጣና ከወጡ በኋላ ጉልበታቸው ብዙም ሳይጎድል ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አላስካ ዳርቻ ላይ ተሰበሩ።

የማርሻል ደሴቶች ባሕረኞች ግን ከመንክ ብዙ ትውልድ ቀድመው ይህን በገዛ አካላቸው ያውቁት ነበር። ከዘንባባ ቅጠል አጥንት የታሰረ፣ ቀጭን እንጨት በቀጭን እንጨት ላይ የተጋደመ ካርታ አላቸው። ቀጥ ያሉትና የጎበጡት እንጨቶች ሞገዱ በደሴት ዙሪያ እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳያሉ፤ የታሰሩት ትናንሽ ዛጎሎች ደሴቶቹ ናቸው። ካርታው ወደ ባሕር አይወሰድም። ወጣቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ያጠናዋል፣ ከዚያ ታንኳው ውስጥ ተጋድሞ የሁለት ሞገዶችን መገናኘት በጀርባው ይሰማል።

ሃዋይ ላይ ሞገድ ጨዋታም ሞትም ነው። በኦዋሁ ደሴት ሰሜን ዳርቻ ትልልቅ ሞገዶች የሚመጡት በክረምት፣ ከሰሜን ፓስፊክ ቀዝቃዛ ማዕበሎች ነው። በበጋ ደግሞ የሃሪኬኖቹ ሞገዶች የምሥራቁንና የደቡቡን ዳርቻ ይመታሉ። ለእንግዳ ሰው ከቁመቱ ይልቅ የሚያታልለው ዕረፍቱ ነው፤ ሞገድ በቡድን በቡድን ይመጣና በመሃል ለብዙ ደቂቃ ባሕሩ ይተኛል። ቱሪስቱ በዚያ ጸጥታ ፎቶ ሊነሳ ድንጋዩ ጫፍ ይወጣል። ሃዋይን የሚጎበኙ ሰዎች በአደጋ ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው መስጠም ነው። የቁጥር ልማዱም ያሳስታል፤ የድሮ የሃዋይ ሰርፈሮች (በሰሌዳ ሞገድ ጋላቢዎች) ሞገድን የሚለኩት ከጀርባው ስለሆነ፣ እነሱ «20 ጫማ» ሲሉ ከፊት የሚታየው ግድግዳ ወደ 40 ጫማ ይጠጋል።

የዋይሜያ ባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛ የነበረው ኤዲ አይካው በዚያ ግድግዳ ሥር እየገባ ብዙ መቶ ሰው አውጥቷል። ማርች 1978 ላይ ሆኩሌአ የተባለችው ባህላዊ የጉዞ ታንኳ ስትገለበጥ፣ ጓዶቹን ለማትረፍ የሰርፍ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ላናይ ደሴት ቀዘፈ። ሌሎቹ ተረፉ፣ እሱ ግን አልተገኘም። በስሙ የሚካሄደው የሰርፍ ውድድር ሞገዱ ያ «20 ጫማ» ካልደረሰ ስለማይጀመር፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተካሄደው ወደ አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ጃንዋሪ 2023 ላይ ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን ዕለቱን ተረኛ ነፍስ አድን ነበር፤ በዕረፍት ሰዓቱ ተወዳድሮ ወደ ማማው ተመለሰ። እኔ ከውድድሩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ማዕበሉ ራሱ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ኢኒኪ የተባለው ሃሪኬን በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ ካዋይ የተባለችውን የሃዋይ ደሴት መታ፤ 6 ሰው ሞተ፣ ከ14 ሺህ በላይ ቤት ተጎዳ። ጓም ከዚያ በፊት፣ በ1962ቱ የካረን ታይፉን፣ ቤቶቿን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ካጣች በኋላ ፊቷን ወደ ኮንክሪት አዞረች። ሕዝቧ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በዝግጁነት ደረጃ 4 ነው። አጥፊ ነፋስ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚጠበቅ ከሆነ 3፣ በ24 ከሆነ 2፣ በ12 ከሆነ 1 ይታወጃል። ቀላል ቁጥር ነው፣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው።

የደሴት ባሕር ከዳርቻው አልፎ ወዲያው ገደል ይሆናል። ስለዚህ እንደ ባንግላዴሽ ባለ ጥልቀት የሌለው ባሕር ላይ እንደሚሆነው ነፋስ ውሃውን እየገፋ አይከምረውም። በምትኩ ሞገዱ ደሴቲቱን በከበበው ኮራል ጫፍ ላይ እየተሰበረ፣ የፊተኛው ሳይመለስ የኋለኛው እየተጨመረ፣ ውሃው በኮራሉ ሜዳ ላይ ይጠራቀማል። ማርች 2015 ላይ ፓም የተባለው ሳይክሎን ወደ ቫኑዋቱ ሲያመራ ከቱቫሉ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ሞገዱ ግን የቱቫሉን ደሴቶች አቋርጦ አለፈ፤ ከሁሉ የከፋው ኑዪ ላይ ሆነ።

ከሰለሞን ደሴቶች ጥግ ያለችው ቲኮፒያ ሌላ ታሪክ አላት። በ2002 ማብቂያ ላይ ዞዊ የተባለው እጅግ ኃይለኛ ሳይክሎን መንደሮቿን ጠረጋቸው። ለብዙ ቀን ድምፅ ጠፋ፣ ዓለም ሁሉም አልቀዋል ብሎ ፈራ። የደረሱት ሰዎች ያገኙት ግን በሕይወት ያለ ሕዝብ ነበር፤ ወደ ዋሻዎችና ወደ ቋጥኝ ሥር ሸሽተው አንድም ሰው አልሞተም። ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀንም ቲኮፒያዎች የዳቦ ፍሬን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው አብላልተው ያቆያሉ፤ እንሰት ፍቆ ቆጮ የሚቀብር የጉራጌ ወይም የሲዳማ ቤተሰብ ምክንያቱን ለማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

2015ን ሳነሳ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ዓመት ኤልኒኖ የተባለው የባሕር ሙቀት ክስተት መካከለኛውን ፓስፊክ አሙቆት ነበር። ኦገስት 30 ቀን ኪሎ፣ ኢግናሲዮና ሂሜና የተባሉ በጥንካሬያቸው ደረጃ 4 የሆኑ ሦስት ሃሪኬኖች በአንድ ጊዜ ውቅያኖሱ ላይ ይሽከረከሩ ነበር። በዚያው ወር፣ በዚያው ሙቀት ምክንያት፣ በአፋርና በወሎ ክረምቱ ቀርቶ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የምግብ እርዳታ የሚሻው ኢትዮጵያዊ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ሞገዱ ወዳቋረጣት ቱቫሉ ልመለስ። እዚያ ፑላካ የሚባል የጎደሬ ዘመድ አለ። የሚተከለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አያቶቻቸው ኮራሉን እየቆፈሩ ወደ ጣፋጩ ውሃ ወርደዋል፤ የዝናብ ውሃ ከመሬት በታች ከጨዋማው ላይ ሰፍሮ ይቀመጣልና። አፈር ስለሌለ ቅጠል እየነባበሩ፣ እያበሰበሱ አፈር ይሠራሉ። እንዲህ ያለ አንድ ጉድጓድ የትውልድ ሥራ ነው። የባሕር ሞገድ አንድ ሌሊት ሲገባበት ውሃው በቀናት ይሰርጋል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ሰፊው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ይቢጫል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ጨውን የሚያጥበው ዝናብ ብቻ ነው። ዝናቡም አንዳንዴ ይቀራል፤ 2011 ላይ፣ የኤልኒኖ ተቃራኒ በሆነው በላኒና ዘመን፣ ቱቫሉ በውሃ ጥማት የአስቸኳይ ጊዜ አውጃ፣ በአንዳንድ ደሴቶቿ የመጠጥ ውሃ ለቤተሰብ በባልዲ ተቆጥሮ ይሰጥ ነበር።