ጦሩ ለምን አይወልቅም?

ስልካችን ላይ ባሉት ጌሞች ጦር ሲወረወር ጫፉ ወልቆ አያውቅም። የድሮው አዳኝ ግን የሚፈራው ይህንኑ ነበር፤ ብረቱ አውሬው ላይ ቀርቶ እሱ ባዶ እንጨት ይዞ መቆም። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ዝሆን ገዳይ ትልቅ ክብር ነበረው። ያ ሁሉ ክብር የተንጠለጠለው ብረትና እንጨት በሚገናኙባት ትንሽ ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጥቃጩ በወናፍ ያጋለውን ብረት አንዱን ጫፍ ስለት ያወጣለታል፣ ሌላውን ደግሞ እየመታ ያሳሳዋል። የሳሳውን ሲጠቀልለው እንደ ጡሩምባ አፍ ሾጣጣ ይሆናል። ሶማያው፣ ማለትም የጦሩ እንጨት፣ ጫፉ ተጠርቦ እዚያ ውስጥ ይገባል። ጦሩ ሲያርፍ እንጨቱ ወደ ጠባቡ በኩል ይገፋል፤ ስለዚህ በተመታ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ችግሩ ሲነቀል ነው! እዚህ ላይ ወሳኙ የእንጨቱ ድርቀት ነው። እርጥብ ከገባ ሲደርቅ ይኮማተርና ብረቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ጠፍር ግን ተቃራኒው ነው፤ እርጥቡን ከተጠመጠመ ሲደርቅ አንቆ ይይዛል።

ማረሻም ያው ነው። በሬዎቹ ሲጎትቱ አፈሩ ብረቱን ወደ እንጨቱ ይገፋዋል። አዳኙንም ገበሬውንም የያዘው የአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ብርቅ ሙያ ያለው ሰው ይከበራል፣ ይከፈለዋል የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የጎንደር ታሪክ ግን እንዲያ አይልም። በአካባቢው ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ከተሸነፉ በኋላ ርስት ተነፈጋቸው ይባላል፤ መሬት የሌለው ሰው ደግሞ በእጁ ነው የሚያድረው። ገዳይ ሲፎክር ጦሩን የሠራለትን አይጠራም። ቀጥቃጩ ቀን ቀን ይፈለጋል፣ ማታ ግን «ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል» ተብሎ ይፈራል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ያበሳጨኛል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ የምታገኟት ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። ዛሬ እዚያ ለጎብኚ የሚሸጠው ከሸክላ የተሠራ ትንንሽ ምስል ነው። «ባለእጅ» የሚለውን ስድብ ግን አሁንም ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ፣ ያውም ከእኛው እኩዮች አፍ።