ባቡር፦ ከእንፋሎት የተወለደ ስም

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ 750 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ የሚወርደው ጅቡቲ ከተማ ዳር ካለው ናጋድ ጣቢያ ነው። እዚያ ለሶማሊኛ ተናጋሪ «ባቡር» ቢለው ሰውየው መኪና ይመስለዋል። በሶማሊኛ «ባቡር» ማለት መኪና ነዋ! ሐዲድ ላይ የሚሄደውን «ታሬን» ይሉታል። ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ ቃሉ የማንኛቸውም አይደለምና።

ሥሩ የላቲኑ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት መርከብ ሜዲትራንያንን ሲያጥለቀልቅ ጣልያኖች መርከቡን ራሱን «ቫፖሬ» አሉት። ቱርኮች «ቫፑር» አሉት፤ ዛሬም ኢስታንቡል ላይ ሰው የሚያሻግረው ጀልባ በናፍጣ እየሠራ ስሙ ቫፑር ነው። ዐረብኛ «ቨ»ም «ፐ»ም ስለሌለው «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አደረገው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አገር ስሙን ደጁ ለደረሰው ማሽን ሰጠ። ለሊቢያና ለአልጄሪያ ሰው መርከብ ሆኖ ቀረ። ግብፆች ግን አላዳሉም፦ የባቡሩ ሞተርም፣ የዱቄት ወፍጮውም፣ ወጥ የሚሠራበት የጋዝ ምድጃም ዋቡር ተባለ።

እኛ ዘንድስ? ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሥራ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ስሙም «ምድር ባቡር» ሆነ። ለዛሬ ልጅ ይህ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ምድር ላይ ካልሄደ የት ሊሄድ? ባቡር መርከብም እንደነበር ሲታወስ ግን «ምድር» የምትለዋ ቃል ቦታዋን ታገኛለች።

ደግሞ ሐዲድ ጭራሽ የማያውቅ ባቡርም ነበረን። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እየተንከባለለ መንገድ ይዳምጥ ነበር። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። የሚጨስ፣ የሚጮህና በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ስም አላስፈለገውም።

በዙሪያው ያሉት ቃላትም እንግዶች ናቸው። ለገሃር የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ነው። የሚገርመው ዐረቦች ራሳቸው ዛሬ ባቡሩን «ቂጣር» ይሉታል፤ ተራ በተራ ተያይዘው የሚጓዙ ግመሎች መጠሪያ የነበረ ቃል። ከታጁራ ሸዋ ድረስ ሲራራ ለነጎደበት ለዚህ ጠረፍ ከእንፋሎት ይልቅ ይህ ስም ይስማማው ነበር ባይ ነኝ።

ናጋድ በጥር 2017 ሲመረቅ የገባው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በአዲስ አበባ ከ2015 ጀምሮ የሚሄደው ቀላል ባቡርም እንዲሁ። በገጠር ደግሞ በሞተር የሚፈጨውን ወፍጮ «ባቡር» የሚሉ አሁንም አሉ፤ እህል ተሸክመው «ባቡር ልሄድ ነው» ሲሉ የሰማ የከተማ ሰው ትኬት ፍለጋ እንዳይመስለው።