ከደመወዝ ሲቀነስ ዝምታ፣ ከኪስ ሲወጣ ጩኸት

በአገራችን ሁለት ዓይነት ግብር ከፋይ አለ። አንደኛው ግብሩን ሳያየው የሚከፍለው ደመወዝተኛ ነው። ሁለተኛው ሒሳቡን ዘግቶ፣ ብሩን ከካዝናው ቆጥሮ የሚያስረክበው ነጋዴ ነው። ሁለቱም የሚከፍሉት ለአንድ መንግሥት፣ ለአንድ መንገድ፣ ለአንድ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ነው። ስለ ግብር ያላቸው ስሜት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልዩነቱን ያመጣው የግብሩ መጠን ብቻ አይደለም። አከፋፈሉም ነው።

ያልተጣራ ደመወዙ በወር 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 ብር 20 ከመቶ፣ የመጨረሻው 3,000 ብር ደግሞ 25 ከመቶ ይከፈልበታል። ድምሩ 1,650 ብር ይሆናል። 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 700 ብር፣ ሲነሳለት በእጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ይህ ሠራተኛ ደመወዙን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ለቅጥር ሲደራደርም «የተጣራ ስንት ነው?» ይላል። 1,650 ብሩ ቀድሞውኑ የእርሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ለመንግሥት ከዚህ የበለጠ ምቹ ገቢ የለም። አስልቶ የሚቀንሰው አሠሪው፣ በየወሩ ወስዶ የሚያስገባውም አሠሪው ነው። ለዚህ ድካሙ ኮሚሽን አይከፈለውም። ሳይቀንስ ቢቀር ግን ተጠያቂ ነው።

ከጦርነት የተወለደ ዘዴ

ከደመወዝ ላይ ግብር ቀንሶ የመያዝ አሠራር በሰፊው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በአሜሪካ እስከዚያ ድረስ ግብር ከፋዩ የአንዱን ዓመት ግብር በተከታዩ ዓመት በአራት ጊዜ ከፍሎ ይጨርስ ነበር። የሜሲስ መደብር ገንዘብ ያዥና የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት ቤርድስሊ ራምል፣ ሰው ገንዘቡን ሳያጠፋው ግብሩ በወቅቱ ይከፈል ብለው ተከራከሩ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1943 ጸድቆ ከሐምሌ ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ያኔ በገንዘብ ሚኒስቴር ሆነው አሠራሩን ካዘጋጁት ወጣት ባለሙያዎች አንዱ ሚልተን ፍሪድማን ነበሩ። ፍሪድማን በኋላ የትልቅ መንግሥት ተቺ ሆኑና፣ ግብርን እንዲህ ቀላል ማድረጋቸውን ሳይወዱት አስታውሰዋል። ለጦርነቱ አስፈላጊ እንደነበር ግን አልካዱም።

የእርሳቸው ጸጸት ለእኛም ትርጉም አለው። በማይታይ መንገድ የሚሰበሰብ ግብር ጥያቄም አያስነሳም።

ሠራተኛው ሲታገሥ፣ ነጋዴው ሲዘጋ

በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ከግብር ነፃ የተደረገው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። ይህ ወለል እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ለ14 ዓመታት አልተነካም። በ2008 ዓ.ም. ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ 2,000 ብር ለመድረስ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ኑሮ ተወደደ፣ ደመወዝም በቁጥር አደገ። ሠራተኛው የመግዛት አቅሙ ሳይጨምር ወደ ከፍተኛው የግብር እርከን ተገፋ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ግብሩ እንዲቀነስ ደጋግሞ ጠይቋል። መሥሪያ ቤት የዘጋ ሠራተኛ ግን አልታየም።

ከዚህ ጋር የ2009 ዓ.ም. ሐምሌን እናነጻጽር። የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲነገር አዲስ አበባ በአቤቱታ ተጨናነቀች፤ በኦሮሚያ በርካታ ከተሞችም ሱቆች ተዘጉ። ግምቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ነጋዴው የሚከፍለውን ቁጥር በዓይኑ አይቷል፤ ያየ ሰው ደግሞ ይናገራል።

ነጋዴውም ሲቀነስበት

ይሁንና ነጋዴውም ቢሆን ከቅድመ ግብር አላመለጠም። በ2008ቱ አዋጅ መሠረት ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ወይም ከ3,000 ብር በላይ አገልግሎት ሲገዙ ከሚከፍሉት ላይ 2 ከመቶ ቀንሰው ያስገቡ ነበር። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ተቀናሹ 30 ከመቶ ነበር። የ50,000 ብር ኮሚሽን የተቀበለ ደላላ ቁጥር ካለው 1,000 ብር፣ ከሌለው 15,000 ብር ይቀነስበት ነበር ማለት ነው። ብዙ ደላላ ወደ ገቢዎች ቢሮ እንዲሄድ ከስብከት ይልቅ ይህ ልዩነት ሳይገፋው አልቀረም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግብር የሚከፈለው ከትርፍ ሲሆን ቅድመ ግብሩ የሚያዘው ከሽያጭ ላይ ነው። በ2 ከመቶው ዘመን አንድ ድርጅት የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ ቢሸጥ 20,000 ብር ይያዝበት ነበር። ትርፉ 4 ከመቶ፣ ማለትም 40,000 ብር ከሆነ፣ በ30 ከመቶ ምጣኔ የዓመቱ ግብሩ 12,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 8,000 ብር እስኪካካስ ወይም እስኪመለስ ድረስ ያለ ወለድ ለመንግሥት የተሰጠ ብድር ነው። በጥቂት ትርፍ ብዙ የሚያገላብጠው ጅምላ ሻጭ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ምጣኔው ወደ 3 ከመቶ ከፍ ብሏል። የዓመቱ ግብር ከሽያጭ 2.5 ከመቶ እንዳያንስ የሚል ደንብም ተጨምሯል። ትርፉ 4 ከመቶ ለሆነ ነጋዴ ይህ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ የቅድመ ግብር ደረሰኝ እንደ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ያለበት ወረቀት ነው። ደረሰኙን ያላመጣ ነጋዴ የከፈለውን ግብር ማስቆጠር ይቸገራል።

«ግብር» ሁለት ፊት አለው

በአማርኛችን «ግብር» የሚለው ቃል ባላገሩ የሚያስገባውን ብቻ አይደለም የሚያመለክተው። ንጉሡና መኳንንቱ የሚያበሉት ድግስም «ግብር» ይባል ነበር። ያገባ ሰው ቢያንስ ስሙን ከአዳራሹ ይሰማል። የመልሱ ድግስ ለማን እንደደረሰ መጠየቅ ግን የተለመደ አልነበረም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሕዝቡ የመክፈል ፍላጎት የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። የዓባይ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ሠራተኛው የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቀነሰ፣ ነጋዴውም ቦንድ እየገዛ አዋጥቷል። ያለ ፈቃዴ ተቆረጠብኝ ያለ አልጠፋም። ሆኖም አብዛኛው ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የመደበኛው ግብር ጉድለት ይኸው ነው። የግብር ገቢው ከአገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነጻጸር ከ10 ከመቶ በታች በሆነበት አገር፣ መንግሥት ተጨማሪ መሰብሰቡ የግድ ነው። የመሰብሰቢያው መንገድ በተሻሻለ ቁጥር የማስረዳቱም መንገድ አብሮ ካልተሻሻለ ግን የሚሰፋው ቅሬታው ነው።

መነሻው ሩቅ አይደለም። አሠሪው በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ያልተጣራውን፣ ግብሩንና የተጣራውን ለይቶ ለሠራተኛው ይስጥ። ገዢው ድርጅት ቅድመ ግብር በያዘበት ቀን ደረሰኙን ይቁረጥ። ወረዳውም በዓመት ስንት ሰበሰብኩ፣ በምን ላይ አዋልኩ የሚለውን በበሩ ላይ ይለጥፍ። 1,650 ብሩን በወረቀት ያየ ሠራተኛ እንደ ነጋዴው መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄው ለመንግሥት ላይመች ይችላል። በገበያ ውስጥ ግን ያለ ጥያቄ የሚከፈል ዋጋ ሲረክስ ታይቶ አያውቅም።