የበቾ ሜዳ ጎርፍና የመስከረም ዘር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ፣ የወጨጫን ተራራ በቀኙ ትቶ ተፍኪ ሲደርስ፣ ምድሩ ድንገት ለጥ ብሎ ዐይን እስኪታክት መዘርጋቱን ያያል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ተጂ፣ እስከ አስጎሪና እስከ ቱሉ ቦሎ ያለው የበቾ ሜዳ ነው። ጥቁር መረሬ አፈሩ ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ምስሩንና ጓያውን እያፈራረቀ የሚሰጥ፣ የመዲናይቱም ገበያ አዝመራውን በተስፋ የሚጠብቀው ይህ ሜዳ፣ በነሐሴ ወር አዋሽ ሞልቶ ሲገነፍልበት ማሳው ከወንዙ የማይለይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በዚሁ ሜዳ ያለው የኢሉ ወረዳ ገበሬ ልጆቹን አስከትሎ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ጉብታው ይወጣል፣ ጎተራውንና ለጋውን ቡቃያ ግን ይዞ መውጣት አይችልም። ስለ ጎርፍ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ላይ ያቆማል። እኛ ግን ወደ ኋለኛው ሰዓት፣ ማለት ውሃው ሸሽቶ ገበሬው ወደ ጭቃው ወደሚመለስበት ጊዜ ማለፍ እንወዳለን፤ በጎርፍ የተመታ ቤተሰብ ለዘለቄታው መደኽየቱ ወይም ማገገሙ የሚወሰነው ከጳጉሜን እስከ መስቀል ማግስት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው ብለን እናምናለንና።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ፈልቆ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር፣ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። በርጋን፣ ሆለታንና ተጂን ተቀብሎ ወደ በቾ ሲገባ ግን ተዳፋት ያጣል፤ መልካ ቁንጥሬ ደርሶ ቁልቁለት እስኪያገኝም ድረስ እየተንቀራፈፈ፣ የያዘውንም ደለል እያራገፈ በሜዳው ላይ ይተኛል። ሕዝባችን ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላል፤ ይህ አባባል የሰማዩን ሁኔታ በትክክል ቢገልጽም የወንዙን ጠባይ አይገልጽም፤ ምክንያቱም ከሰኔ ጀምሮ ሲጠጣ የከረመው መረሬ ከጠገበ በኋላ የሚዘንበው እያንዳንዱ ዝናብ መግቢያ ስለሚያጣ፣ ደመናው መሳሳት በጀመረበት በዚያው ሰሞን ወንዙ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ይሞላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አዋሽ ከላይኛው ተፋሰሱ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ዳርቻውን ጥሶ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቤተሰቦችን ባፈናቀለ ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር። ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ይህንም መጨመር አለብን፤ የበቾ ሜዳ ለምነቱን ያገኘው ከዚሁ በየዘመኑ ከሚተኛበት ውሃና ከሚያወርድለት ደለል ነው። ስለዚህ ወንዙን በግድብና በአጥር ከሜዳው ፈጽሞ መለየት የሚል ምክር፣ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ፣ በአንዱ ዳርቻ የተገፋው ውሃ በማዶው ዳርቻ ያለውን ጎረቤት ማሳ የሚያጥለቀልቅ ስለሚሆን፣ ጉዳትን ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ መዝገብ ከማዛወር አያልፍም።

ሰውን በቅጽበት የሚያጠፋ ጎርፍ በታሪክ ይጻፋል። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በመታ ጊዜ ከ200 በላይ ነፍሳት አልፈዋል፤ በሐምሌ አጋማሽ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ ያላላው ተራራ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ተንዶ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትንም ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ደርቦ በመቅበሩ፣ አገሪቱ ብሔራዊ ኀዘን ዐውጃለች። የበቾ ጎርፍ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ዝግተኛ ነው፤ ሕይወት የሚያጠፋውም ጥቂት ስለሆነ ዜናው በሳምንቱ ይረሳል። የሚወስደው ግን ጥሪትን ነው፤ ጥሪቱን ያጣ ሰውም በሞት ከተለየው ሰው በተለየ አኳኋን፣ ማንም ሳያለቅስለት፣ ከገበሬነት ተራ ወደ ቀን ሠራተኝነት ተራ ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጤፍ ርጥበትን ከብዙዎቹ የአዝርዕት ዐይነቶች የተሻለ ቢችልም፣ ገና በለጋነቱ ውሃ ለቀናት ከላዩ ሲተኛበት ይበሰብሳል፤ እንደገና እንዳይዘራም ዝናቡ እየወጣ ስለሆነ ቡቃያው ሳያፈራ ይደርቃል። እንዲህም ሆኖ ሳለ ተፈጥሮ ለመረሬ አገር ሰው ሁለተኛ በር ትታለታለች፤ ይኸውም ሽምብራ ነው። ሽምብራ ዝናብ የማይሻ፣ አፈሩ በሆዱ ይዞት በቀረው ርጥበት ብቻ አድጎ በጥርና በየካቲት የሚታጨድ እህል ሲሆን፣ የሚዘራውም ውሃው በሸሸበትና ማሳው ለሞፈር በጠነከረበት፣ ነገር ግን መሬቱ ገና ባልተሰነጣጠቀበት በዚያ አጭር ወቅት ነው። ይህን ወቅት ያገኘ ገበሬ የጤፉን ኪሣራ በከፊል ይክሳል፤ ለከርሞውም መሬቱን በሽምብራው ሥር አዳብሮ ያቆያል። ወቅቱን ያጣ ገበሬ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ከማሳው አንዳች አይጠብቅም። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ተጂ የደረሰ አንድ ኩንታል ዘርና በጥቅምት አጋማሽ የደረሰ አንድ ኩንታል ዘር፣ በገበያ ዋጋቸው እኩል ቢሆኑም፣ ለተቀባዩ የሚያመጡት ሀብት ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ሁለተኛው ተበልቶ ከማለቅ በቀር ሌላ ግብር የለውም። የርዳታ መሥሪያ ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ኩንታል አከፋፈልን ብለው በሚያቀርቡት ዘገባ ላይ ቀኑ ከመጠኑ ጎን ለምን እንደማይጻፍ እኛን ሁልጊዜ ይደንቀናል።

ዘሩ ቢገኝ እንኳ የሚያርስ በሬ ያስፈልጋል፤ ችግሩም የሚጠናው በዚህ ነው። ጎርፍ ያፈናቀለው ሰው ግጦሹ በውሃ ሥር፣ የአምናው ጭድ በጭቃ ውስጥ ስለሆነበት ከብቱን የሚመግብበት አያገኝም፤ ልጆቹንም ማብላት ስላለበት ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ አንዱን በሬ ያወጣል። በዚያው ገበያ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት በሬያቸውን ይዘው ቆመዋል። የበዓሉ ፈላጊ ብዙ ባይሆን ኖሮ ዋጋው ከዚህም በባሰ ነበር፤ ሆኖም ነጋዴው የሻጩን መቸኮል ከፊቱ ስለሚያነበው የቻለውን ያህል ይቀንስለታል። አንዱ በሬ ሲሸጥ የቀረው በሬ ብቻውን አያርስም፤ ጥንዱ የፈረሰበት ገበሬም ወይ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከገዛ ርስቱ የምርቱን ግማሽ ይቀበላል። የጎርፉ ዕዳ በአንድ ዓመት ሳይወሰን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ዓመት የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ፣ ዕድሩስ? ደቦውስ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ዕድር የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል ወይም የአንድ ሰው ቀንድ ከብት ሲሞት ከፍ ያለ ሥራ የሚሠራ የአበው ጥበብ ነው። ነገር ግን ዕድሩ የቆመው ሁሉም ባንድ ቀን አይጎዳም በሚል ግምት ላይ ስለሆነ፣ ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ውሃ የተመቱ እንደሆነ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። በዚህ ረገድ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ውስጥ የቆየውና የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት በተቋም መልክ ያቋቋመው ቡሳ ጎኖፋ የተባለው የመረዳጃ ልማድ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ በመያዙ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አንደኛ፣ መዋጮው ከሰፊ አገር ስለሚሰበሰብ ደጋው ለሜዳው፣ ያልተጎዳው ለተጎዳው መድረስ ይችላል፤ ሁለተኛም፣ በጥንተ ልማዱ ከብቱ ላለቀበት ሰው ከብት እንዲሰጥ፣ ማለት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትን ወረት እንዲመልስ የታሰበ ነው። ተቋሙ በዚህ በኋለኛው ጠባዩ ቢጸና ለኢሉ ገበሬ ከዱቄት ከረጢት ይልቅ የአንድ በሬ ድጋፍ የሚያመጣለትን ጥቅም ባሳየ ነበር።

ጓያን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ጓያ ውሃ ሲተኛበትም ድርቅ ሲመታውም የሚችል፣ ዘሩ ርካሽ፣ ድካሙም ትንሽ የሆነ እህል ስለሆነ፣ ሽምብራ መግዛት ያቃተው ገበሬ ከጎርፍ በኋላ እጁን የሚዘረጋው ወደ እርሱ ነው፤ ለድኻው እንደ መድን ያገለግለዋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በችግር ዘመን ለወራት ጓያን ብቻ የተመገበ ሰው እግሩ ሽባ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ሐኪሞች ካረጋገጡት ቆይቷል። ከመድኖች ሁሉ ዓረቦኑ በአካል የሚከፈል መድን ይህ ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ ድኽነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌላ አገር ተራራ እንመልከት። በመስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ ሄለን የተባለው ታላቅ አውሎ ነፋስ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙት በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ዝናቡን አፍስሶ፣ አሽቪልን የመሰለችውን ከተማ ለሳምንታት የቧንቧ ውሃ አሳጥቷታል። ግዛቲቱ ያገኛትን ጉዳት ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር ገምታዋለች፤ ይሁንና በነዚያ ተራራማ አውራጃዎች የጎርፍ መድን የነበረው ቤተሰብ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነበር። ጎርፍ የባሕር ዳር ሰው ዕዳ ነው ብሎ የሚያስብ የተራራ ሰው መድን አይገዛም፤ በዓለም እጅግ ባለጸጋ በሆነው አገር ይህ ከሆነ፣ የመድን ገበያ ብቻውን የኢሉን ገበሬ ይታደገዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በአገራችንም በትግራይ አዲሃ በ2001 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ ሌሎችም አካባቢዎች የተስፋፋው የአየር ንብረት መድን በዋናው የሚለካው የዝናብን ማነስና የለምለሙን መድረቅ ስለሆነ፣ ውሃ የተረፈበት ሰው በዚያ መለኪያ ደስተኛ ሆኖ ይታያል።

የጎርፉን መጠን ስለሚጨምረውም ነገር ጥቂት እንበል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል የሱሉልታ ውሃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ፣ የቡራዩ ውሃ ደግሞ በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ስለሚወርድ፣ የበቾን ሜዳ በማጥለቅለቅ አይከሰሱም፤ የሰበታና የወጨጫ ተዳፋት ግን ወደ አዋሽ ነው። ደን በቆመበት ተዳፋት ላይ ውሃው ሠርጎ ከቀናት በኋላ በምንጭ ይወጣ ነበር፤ ቆርቆሮና አስፋልት በተዘረጋበት ግን በሰዓታት ውስጥ ወንዝ ይገባል። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተከለለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን ለታችኛው ገበሬ የሚሰጠው ይህ አገልግሎት በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። የተዳፋቱን ቦታ በሊዝ የሚሸጥ አስተዳደር ዋጋውን ሲያወጣ ከታች የሚጠፋውን ጤፍ አያስብም፤ ካላሰበም ዋጋው ርካሽ የሆነው የቀረውን ሌላ ሰው ስለሚከፍልለት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ከዓመት ወደ ዓመት በደለል እየተሞላ መምጣቱም የዚሁ ያልተጻፈ ሒሳብ ሌላው ገጽ ነው።

የተዳፋቱ ነገር ረዥም ዘመን ይፈልጋል፤ የዘሩ ነገር ግን ለመጪው ክረምት ሊደርስ ይችላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ጎርፉ የሚመጣው ገንዘቡ ገና ባልተነካበት በሁለተኛው ወር ነው፤ የሚያዘገየው የገንዘብ ማጣት ሳይሆን ጥናቱ ተደርጎ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ግዢው እስኪፈጸም የሚያልፈው ጊዜ ነው። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከደብረ ዘይት ምርምር የወጡትን እንደ አረርቲና ሀብሩ ያሉ የሽምብራ ዝርያዎች ምርቱ በገበያ በሚበዛበትና ዋጋው በሚረክስበት በየካቲት ገዝተው፣ ነቀዝ በማያስገባ ድርብ ከረጢት ቢያስቀምጡ፣ ጎርፍ በመጣ ዓመት በጳጉሜን ለተጎዱት በብድር ያድሉታል፤ ጎርፍ ባልመጣ ዓመት ደግሞ በመዝሪያው ሰሞን በሚኖረው የተሻለ ዋጋ ሸጠው የመጋዘኑን ወጪ ይሸፍኑበታል። የሚቀረው ጥያቄ ከረጢቱ በማን መጋዘን ይቀመጥ፣ ነቀዝ ቢበላውስ ኪሣራው በማን መዝገብ ይጻፍ የሚለው ሲሆን፣ ይህንም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ዩኒየኖቹ አዝመራው ገና በአውድማ ላይ ሳለ፣ በጥር ወር ተቀምጠው ሊጨርሱት የሚችሉት ነው።