ከጭቃ ስለ ተሠራው በግና ስለ ሕፃናት ሣቅ

ሕፃን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው በዐይኑ ነው። ቃል ሳይለይ ፊት ይለያል፤ ምክር ሳይገባው የመካሪውን ጠባይ ያያል። ስለዚህ ለሕፃናት ዐይን የሚቀርበው ነገር ሁሉ፥ ጨዋታም ቢሆን፥ ትምህርት መሆኑ አይቀርም። በዛሬው ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ፥ አባትና እናት ለሥራ በተሰማሩበት ሰዓት ልጆችን የሚያጫውት ሞግዚት ሆኗል። ሞግዚት ሲቀጠር ጠባዩ እንደሚመረመር ሁሉ ይህንም መመርመር የሚገባ ስለ ሆነ፥ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በጭቃ ምስል እየተሠራ ለሕፃናት ስለሚታየው አስቂኝ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ ይኸውም «በጉ ሾን» ስለሚባለው፥ ጥቂት ነገር ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሰው ዘመን፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው አርድማን የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩን በ1972 ዓ.ም. ያቆሙት ፒተር ሎርድና ዴቪድ ስፕሮክስተን የተባሉ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው። ሲጀምሩ ሀብታቸው አንድ የሲኒማ ማንሻ መሣሪያ፥ የሥራ ቤታቸውም የቤት ጠረጴዛ ነበረ። የመጀመሪያውን ትንሽ ሥራቸውን የገዛቸው የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ ሲሆን፥ ሥራው የታየበት ዝግጅት መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ታስቦ የተዘጋጀ ነበረ። ይህን ነገር ልብ ማለት ይገባል። መስማት ለማይችል ልጅ የሚቀርብ ጨዋታ በንግግር ሊረዳ አይችልምና፥ እነዚህ ጐበዛዝት ገና ከጅምሩ ነገርን ሁሉ በእጅ፥ በዐይንና በአካል ሁናቴ መግለጽን ለመዱ። ኋላ በዓለም ሁሉ የታወቁበት ጥበብ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ለተቸገሩት ተብሎ የተሠራው ነገር ለሁሉ የሚበቃ ሆነ።

በ1976 ዓ.ም. ወደ ብሪስቶል ሄደው ተቀመጡ። በ1977 ዓ.ም. ሞርፍ የተባለውን ከጭቃ የተሠራ ትንሽ ሰው ለሕፃናት አሳዩ። በ1985 ዓ.ም. ኒክ ፓርክ የተባለው ብልህ ሠራተኛ ከእነርሱ ጋር ተባበረ። በጉ ሾን በመጀመሪያ የታየው ይኸው ሰው በ1995 ዓ.ም. ባወጣው አጭር ሲኒማ ውስጥ ነው፤ ያም ሲኒማ በአሜሪካ አገር የሚሰጠውን ኦስካር የተባለውን ሽልማት አገኘ። በጉ ግን የራሱ ጨዋታ ተሰጥቶት በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው።

የስሙም ነገር ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። ሾን የሚለው የተለመደ የሰው ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ፥ ጠጕሩ የተሸለተ ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ይሆናል። በጉ በመጀመሪያው ሲኒማ በመሸለቻ መኪና ውስጥ ገብቶ የወጣ ነበርና፥ ሰሙ የሰው ስም፥ ወርቁ የደረሰበት ነገር ነው።

የጨዋታው ስፍራ አንድ የእርሻ ቤት ነው። በዚያ አንድ ገበሬ አለ፤ ዐይኑ ደካማ ስለ ሆነ መነጽር ያደርጋል፥ ከፊቱ የሚደረገውንም ብዙ ጊዜ አያይም። ቢትዘር የተባለው ውሻው ፉጨት በአንገቱ አንጠልጥሎ፥ መዝገብ በእጁ ይዞ፥ በጎቹን እየቈጠረ ይጠብቃል። መዝገብ ለሚይዝ ሰው ሁሉ የዚህ ውሻ መከራ የታወቀ ነው፤ ከበላይ ጌታው ያዘዋል፥ ከበታች በጎቹ ያስቸግሩታል፥ ሁለቱንም ለማስማማት ሲል ቀኑ ይመሻል። ሾን ከመንጋው መካከል ብልሃት የሚያፈልቀው ነው። ቲሚ የተባለ ግልገልና ሽርሊ የተባለች በጣም ወፍራም በግም አሉ፤ ከአጥር ወዲያ ደግሞ ተንኰለኞች እሪያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ቃል አይናገርም። በጎቹ ይጮሃሉ፥ ውሻው ያጕረመርማል፥ ገበሬውም ቢሆን የሚያሰማው ትርጕም የሌለው ማጕተምተም ነው። ስለዚህ ጨዋታው አስተርጓሚ ሳያስፈልገው በማንኛውም አገር ያለ ሕፃን ያስተውለዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ጭቃው የምናውቀው የሸክላ ጭቃ አይደለም። በ1897 ዓ.ም. ዊልያም ሃርበት የተባለ፥ ከብሪስቶል በማይርቀው በባዝ ከተማ አጠገብ የነበረ የሥነ ጥበብ መምህር፥ ተማሪዎቹ ቅርጽ ሲለማመዱ ጭቃው እየደረቀ ስላስቸገራቸው፥ በዘይትነት ባለው ነገር የታሸና የማይደርቅ ጭቃ አዘጋጀ፤ ስሙንም ፕላስቲሲን አለው። ለጨዋታው የሚያገለግሉት ምስሎች ይህ ዓይነት ጭቃ ይገባባቸዋል፤ ነገር ግን በውስጣቸው ከብረት የተሠራ መገጣጠሚያ ያለው አፅም አላቸው፥ የበጎቹም ፀጕር ከሌላ ነገር ይሠራል።

ሠራተኛው ምስሉን በትንሹ ያንቀሳቅስና እጁን መልሶ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ደግሞ በትንሹ ያንቀሳቅስና ሌላ ያነሣል። እነዚህ ፎቶግራፎች ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ምስሉ ነፍስ ያለው መስሎ ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕል ይታያል። የሾን አንዱ ጨዋታ 7 ደቂቃ ያህል ነው፤ ይህም 420 ሴኮንድ ማለት ስለ ሆነ፥ ሒሳቡ 10,500 ሥዕል ይደርሳል። አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሡት እንኳ ምስሉን 5,250 ጊዜ በእጅ መነካካት ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ብርቱ ሠራተኛ ከማለዳ እስከ ማታ ደክሞ የሚያገኘው ፍሬ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ልጅ ግን ያን የአንድ ቀን ድካም አንድ ጊዜ እስኪስቅ ድረስ ይጨርሰዋል።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ፥ የተበላሸውን ዕቃ መልሶ ሲሠራው እንዳየ በመጽሐፍ ተጽፏል። በብሪስቶልም ያለው ሠራተኛ እንዲሁ ነው፤ ምስሉ ሲጣመም ያቃናዋል፥ ሲላላጥ ያለሰልሰዋል። ነገር ግን አዳምን ከምድር አፈር የፈጠረው አምላክ የሕይወት እስትንፋስ እፍ ሲልበት፥ ሰው በሠራው ጭቃ ላይ እፍ ሊል አይችልም። ሰው ሊያደርግ የሚችለው መታገሥ ብቻ ነው። ሥዕሉን አተኵሮ ለሚያይ፥ በምስሎቹ ፊት ላይ አንዳንድ ጊዜ የሠራተኛው የጣት አሻራ ይታያል። ኮምፒዩተር ያለ ጭቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሚሠራበት በዛሬው ዘመን፥ ያ አሻራ ሥራው የሰው እጅ መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ሆኖ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ይነሣል። ጠባቂውን የሚያታልል በግ ለልጅ ማሳየት አለመታዘዝን ማስተማር አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ መምህር ወይም ካህን ቢኖር፥ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሳችን ይህ ነው። በመጀመሪያ፥ የእኛም አባቶች ጦጣ ጅብን እንዴት እንዳሞኘች ለልጆቻቸው በእሳት ዳር ሲያወሩ ኖረዋል፤ ልጆቹም ከዚያ የተማሩት ደካማ በብልሃት ከጕልበተኛ ሊያመልጥ እንደሚችል ነው እንጂ አባትን መናቅ አይደለም። ሁለተኛም፥ ሾን የጀመረው ተንኰል ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ችግር ያመጣል፤ ያን ችግር ለማስተካከል ደግሞ መንጋው ሁሉ ተባብሮ ይደክማል። ነቀፋ የለበትም ግን አንልም። ሽርሊ ስለ ውፍረቷ ደጋግማ መሣቂያ ትሆናለች፤ ይህን የሚያይ ልጅ በሰውነቱ ወፍራም በሆነ ጓደኛው ላይ እንዳይስቅ፥ አብሮ ተቀምጦ የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል።

ይልቁንም በ2015 ዓ.ም. ስለ ወጣው ረጅሙ ሲኒማ ብንናገር ነገሩ ይገለጣል። በጎቹ የዘወትሩ ሥርዓት ሰልችቷቸው አንድ ቀን ለማረፍ ሲሉ ገበሬውን በዘዴ ያስተኙታል። ነገር ግን የተኛበት ሠረገላ ተንሸራቶ ወደ ትልቁ ከተማ ይወስደዋል፤ በዚያም ራሱን ተመትቶ ማን እንደ ሆነ ይረሳል። በቤት የቀሩት በጎች ነፃነት ያሉት ነገር ረኃብና ሁከት ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ሾንና ጓደኞቹ ፈርተው የማያውቁት ከተማ ውስጥ ገብተው፥ ጠባቂያቸውን ፈልገው፥ ወደ ቤቱ ይመልሱታል። በወንጌል እረኛው የጠፋውን አንድ በግ ፍለጋ ይሄዳል፤ በዚህ ጨዋታ ደግሞ በጎቹ የጠፋውን እረኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ሠሪዎቹ ስብከት ለመስበክ አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጠባቂ ሲጠፋ የሚመጣውን መከራ አንድም ቃል ሳይናገሩ ለሕፃን ማስረዳታቸው ሊመሰገን ይገባል።

የሠሪዎቹ ጠባይም ከሥራቸው ያላነሰ የሚያስተምር ነው። በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሌላው ረጅም ሲኒማቸው በአሜሪካ አገር ከፍ ያለ ገቢ ባገኘበት ሰሞን፥ በብሪስቶል ያለው የዕቃ ግምጃ ቤታቸው በእሳት ተቃጠለ፤ የብዙ ዘመን ድካም የነበሩት ምስሎችና የመድረክ ዕቃዎች ዐመድ ሆኑ። ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ ግን በፓኪስታን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ እጅግ ብዙ ሺህ ሰው አልቆ ነበር። ሚስተር ኒክ ፓርክ ስለ ቃጠሎው በተጠየቀ ጊዜ፥ የጠፋው ዕቃ ለእነርሱ ውድ ቢሆንም፥ በሰው ላይ ከደረሰው መከራ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነገር እንዳልሆነ ተናገረ። ሥራውን የሚወድና የሥራውን ልክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

ደግሞም በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ መሥራቾች እርጅና ሲቀርባቸው፥ ማኅበሩን ለባለጠጋ ኩባንያ ሸጠው መለያየት ሲችሉ፥ ከአክሲዮኑ አብዛኛውን ለሠራተኞቹ በአደራ እንዲያዝ አደረጉ። ምስሉን በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ የማኅበሩ ባለቤት ሆነ። በ2023 ዓ.ም. ጭቃውን ያቀርብላቸው የነበረው ፋብሪካ ተዘጋ ተብሎ ብዙ ሰው ሥጋት ቢገባውም፥ ማኅበሩ በቂ ጭቃ እንዳለውና ለወደፊቱም እንዳሰበበት አስታወቀ።

እንግዲህ ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በአገራችን ሸክላ የሚሠሩ እጆች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ጀበናውን፥ ምጣዱን፥ እንስራውን የሰጡን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ጭቃ ያቦካውን እጅ ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ የእጅ ሠራተኛ ስለ ሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአንዳንዱ አፍ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በሌላ አገር አንድ ሰው ጭቃ እያሻሸ ለመላው ዓለም ልጆች ደስታን ሲሰጥና ሲከበር፥ በእኛ አገር ሸክላ ሠሪዋ ለልጅዋ ሙያዋን ለማውረስ የምታፍር ከሆነ፥ ኪሳራው የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ነው።

ለሕፃናት የሚሆን ጨዋታ በአገራችን ማዘጋጀት እንደሚቻልም ታይቷል። መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ዝግጅት በአማርኛ አዘጋጅተው፥ ብዙ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው እየሣቁ እንዲማሩ አድርገዋል። ጦጣውና ጅቡ፥ ቀበሮውና አንበሳው ግን በአፍ ብቻ ሲነገሩ የኖሩ፥ ጭቃና ትዕግሥት የሚጠብቁ ናቸው።

ስለዚህ በትምህርት ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት፥ የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ተደርጎ እንዳይታይ፤ ልጁ ጭቃ ይዞ ሲቀርጽ እጁን ታጠብ ከማለት አስቀድሞ ምን እንደ ሠራ የሚጠይቀው መምህር ይኑረው። እናንተም መምህራንና ካህናት፥ ሕፃናት በሚያዩት ሥዕል ላይ ከሩቅ ሆናችሁ ከመፍረድ ይልቅ አንድ ጊዜ አብራችኋቸው ተቀመጡና እዩ፤ ያን ጊዜ የሚነቀፈውን ለመንቀፍ፥ የሚመሰገነውንም ለማመስገን ሥልጣን ይኖራችኋል። ልጅ የሣቀበትን ነገር በቶሎ አይረሳውምና፥ የሚስቅበትን መርጦ መስጠት የአሳዳጊው ዕዳ ነው።