የድራኩላ ጅብ

እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን ውስጥ የተሠራው «ኖስፌራቱ» ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ወጣቱ መንገደኛ መሽቶበት እንግዳ ማረፊያ ይገባል። ወደ ኮንት ኦርሎክ ቤት እንደሚሄድ ሲናገር ሁሉም ክው ይላል። በጫካው ሰው-ተኩላ ይዞራልና ዛሬ እዚሁ እደር ይሉታል። ወዲያው ሜዳው ይታያል፤ ፈረሶች ይበረግጋሉ፣ አውሬውም ብቅ ይላል። ዳይሬክተሩ ሙርናው ለዚህ ቦታ ያቀረበው ግን ተኩላ አይደለም። ጅብ ነው፤ ገላው ሸንተረራም፣ ጋማው የቆመ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ጅብ።

በዳባትና በደባርቅ ገጠር ላደገ ሰው ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም። ቀን ሰው ሆኖ የሚውል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣ ቡዳ ታሪክ ከእሳት ዳር ሲነገር ሰምቷል። ሙርናው ይህን አፈ ታሪክ ያውቅ እንደነበር የሚጠቁም ነገር የለም። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች ግን አንድ እንስሳ ላይ አንድ ዓይነት ፍርሃት ጭነዋል። እኔን የሚገርመኝ ፍርሃቱ ከምን ተነሥቶ ማን ላይ እንዳረፈ ነው።

የፊልሙ ምንጭ አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ልቦለድ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ፈቃድ ስላልጠየቁ የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰቻቸው፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ወሰነ። ደግነቱ ጥቂቶቹ ተርፈዋል። ድራኩላን የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል የሚለው እምነትም የመጣው ከዚሁ ፊልም እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም፤ በመጽሐፉ ኮንቱ በለንደን ጎዳና በቀን ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ የመጡት ፊልሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ አንድም ጊዜ ክራንቻውን ሳያሳይ ዓለምን አስፈራ። እ.ኤ.አ. በ1958 ክሪስቶፈር ሊ በባለቀለም ፊልም ደም የነካው ክራንቻ ይዞ መጣ፤ ዛሬ ድራኩላ ሲባል በየሰዉ ዓይነ ሕሊና የሚመጣውም ያ ክራንቻ ነው።

ስለ ክራንቻ የሚያስተምር እንስሳ ደግሞ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ይገኛል። በስሜን ተራሮች፣ በሳንቃበር መንገድ ዳር የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ወንዱ ጭላዳ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ሮዝ ድዱንና እንደ ጩቤ የረዘሙ ሁለት ክራንቻዎቹን ያወጣል። ላላወቀው ሰው ከዚያ በላይ የሚያስደነግጥ ፊት የለም። ይህ እንስሳ ግን ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው ነው። ሴቷም ያንኑ ሣር ትበላለች፤ የእሷ ክራንቻ ግን ከወንዱ እጅግ ያነሰ ነው። ምግባቸው አንድ ሆኖ ጥርሳቸው ከተለያየ፣ ክራንቻው ለምግብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የወንዱ ክራንቻ መንጋውን ሊነጥቀው የመጣን ሌላ ወንድ ማስፈራሪያ፣ ካልሆነም መዋጊያ ነው።

በእውነት ደም የሚጠጡትስ? ደም ብቻ የሚመገቡት የሌሊት ወፎች ሦስት ዝርያዎች ሲሆኑ ሁሉም የሚኖሩት በላቲን አሜሪካ ነው፤ እኛ አገር የሉም። እነርሱም ቢሆኑ ቆዳ የሚሰነጥቁት በዋናነት በክራንቻ ሳይሆን እንደ ምላጭ በሳሉ የፊት ጥርሶቻቸው ነው፤ ከዚያ ደሙን አይመጡትም፣ ይልሱታል። በምራቃቸው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን አለ፤ ሳይንቲስቶቹም «ድራኩሊን» ብለውታል። በ«ኖስፌራቱ» ማክስ ሽሬክ የተጫወተው ኮንት እንደ አይጥ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሾሉ ናቸው። ከክሪስቶፈር ሊ ክራንቻ ይልቅ ለተፈጥሮ የሚቀርበው ይህ ነው።

በስቶከር መጽሐፍ ተኩላዎች ለኮንቱ ይታዘዛሉ። የስሜን የተኩላ ዘመድ ቀይ ቀበሮ ግን የሚያድነው አይጥና ፍልፈል ነው። በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሲያድን 67 በመቶ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ከጎኑ ያለውን የጭላዳ ግልገል ትቶ አይጡን ይከተላል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።

ወደ ጅቡ ልመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናታንኤል ፒርስ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ስለተገኘባቸው ጅቦች ጽፏል፤ ለሰሚው ይህ ጅቡ ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ነበር። ጣቱ የተቀሰረው ደግሞ በእጅ ሙያተኛው ላይ ነው። በወገራና በስሜን ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን በብረት ቅጥቀጣና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ ገዝቶ ያርሳል፣ ሚስቱም በእነርሱ ምጣድ ትጋግራለች፤ ልጅ ሲታመም ግን ቡዳ ተብለው የሚጠረጠሩት እነርሱ ነበሩ። በዚህ ጥርጣሬ ስንቱ እንደተገፋና እንደተገለለ ሳስብ የሙርናው ጅብ ተራ የፊልም ብልሃት ሆኖ አይታየኝም።

እውነተኛው ጅብ ወደ መንደር የሚመጣው ለሚበላ ነገር ነው። አጥንት ሰብሮ የሚፈጭ መንጋጋ አለው፤ ኩሱ ሲደርቅ የሚነጣውም አጥንቱ ውስጥ ባለው ካልሲየም ነው። በትግራይ የተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ጥራጊው ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ እንደሚዞሩ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ አካባቢ ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የሚደርስ የሞተ እንስሳ ቅሪት እንደሚያጸዱ፣ በዚህም አባሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ከብት እንዳይተላለፉ እንደሚያግዙ አስልቷል። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ታዲያ ነክሶ የራሱን ክፋት ወደ ተነከሰው የሚያስተላልፍ ፍጡር የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ስፔናዊው የነርቭ ሐኪም ሁዋን ጎሜዝ-አሎንሶ የድራኩላን ፊልም ሲያይ በሐኪም ዓይን አየው። እ.ኤ.አ. በ1998 «ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍም የደም መጣጩን ታሪክ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር አገናኘ። ታማሚው እንቅልፍ ያጣል፤ ብርሃን፣ ኃይለኛ ሽታና የመስታወት ነጸብራቅ ያስደነግጡታል፤ አንዳንዱም ይናከሳል። በሃንጋሪ የደም መጣጭ ወሬ የተስፋፋውም እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1728 ውሾችና ተኩላዎች ባበዱበት ጊዜ አካባቢ ነበር። መላ ምት ነው፤ አፈ ታሪክ ከአንድ ምንጭ ብቻ ይቀዳል ብዬ አላምንም። የምልክቶቹ መመሳሰል ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቅ ወደ ቁስል ይገባና ደምን ሳይሆን ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ውሃ ለመጠጣት ሲሞከር፣ አንዳንዴም ውሃ ሲታይ ብቻ፣ የጉሮሮ ጡንቻ ይኮማተራል። ይህን ያየ ቤተሰብ መንፈስ ያዘው ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ትልቁ ነገር ያ የጉዞ ጊዜ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ጠበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ ክትባቱን ማዘግየት የለበትም።

ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በጓሮ ከሚታሰረው፣ ከእረኛው ጋር ተራራ ከሚወጣው ውሻ። ያው ውሻ በሽታውን ለቀይ ቀበሮም ያደርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ በባሌ በተደጋጋሚ የተነሣው ወረርሽኝ መንጋ ሙሉ ጨርሷል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። በደባርቅና በዳባት መንደሮች ግን ለሰውም ለቀበሮም የሚበጀው ሥራ ያለው ውሾቹ ላይ ነው፤ ከመቶ ውሻ ቢያንስ ሰባው ከተከተበ ቫይረሱ መተላለፊያ ያጣል።