ተማሪው የማይከፍልበት ት/ቤት ሒሳቡን በምን ይዘጋል?

የሕክምና ኮሌጆች የዓመት ገቢና ወጪ ሲገለጥ የሚታየው ሌላ ነው

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል የሚገኘው የአልበርት አንስታይን ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ለስብሰባ ተጠሩ። አንዲት የ93 ዓመት አዛውንት መድረክ ላይ ወጥተው፣ ኮሌጁ ከመጪው ኦገስት ወር ጀምሮ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ እንደማይቀበል አስታወቁ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ያለቀሱም ነበሩ። አዛውንቷ ዶ/ር ሩት ጎተስማን ይባላሉ። ለኮሌጁ የሰጡት ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ነው።

ወሬው በዓለም የተሰራጨው እንደ ቸርነት ወሬ ነው። የንግድ ሰው ሲሰማው ግን የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ደንበኛው መክፈል ያቆመ ድርጅት የዓመቱን ሒሳብ በምን ይዘጋል? ስጦታውስ ስንት ዓመት ያስኬዳል?

ክምሩ ከየት መጣ?

የዶ/ር ሩት ባለቤት ዴቪድ ጎተስማን በኒውዮርክ የታወቁ የኢንቨስትመንት ሰው ነበሩ። ከዋረን ባፌት ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። በመሆኑም ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በርክሻየር ሃታዌይ ገና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳለ አክሲዮኑን ገዝተው ለአሥርት ዓመታት ያዙት። በ2022 በ96 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ባለቤታቸው ያላሰቡት የአክሲዮን ክምር ተላለፈላቸው። አብሮም የመሰለሽን አድርጊበት የሚል አደራ ነበረው።

ዶ/ር ሩት ለኮሌጁ እንግዳ አይደሉም። ከ1968 ጀምሮ ትምህርት የሚከብዳቸውን ሕፃናት በሚረዳው ክፍል ሲሠሩ ኖረው፣ በኋላ የኮሌጁ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነዋል። ከተመራቂዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመው እንደሚወጡ በቅርብ ያዩ ነበሩ። ገንዘቡን ሲሰጡ የኮሌጁ ስም በእርሳቸው እንዳይለወጥ ጠይቀዋል።

ላሚቱ አትታረድም

አንድ ቢሊዮኑ ዶላር ለተማሪ የሚከፋፈል አይደለም። አሜሪካኖች “ኢንዶውመንት” የሚሉት ቋሚ ፈንድ ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ የሚበላው የሚያፈራው ትርፍ ነው። ላሚቱ አትታረድም፣ ወተቷ ይታለባል እንደማለት ነው።

ሒሳቡን ማንም ነጋዴ ሊሠራው ይችላል። ኮሌጁ ክፍያውን ከመተዉ በፊት አንድ ተማሪ በዓመት ከ59 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። የሐኪምነት ትምህርት የሚከታተሉት ተማሪዎች ከ700 በላይ ናቸው። ሲባዛ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ፈንዶች በአሜሪካ በተለመደው አሠራር በዓመት ወጪ የሚያደርጉት ከዋናው ገንዘብ ከመቶ 4 እስከ 5 ነው። ከአንድ ቢሊዮን ላይ ከመቶ 4 ቢነሳ 40 ሚሊዮን፣ ከመቶ 5 ቢነሳ 50 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ኮሌጁ የተወው ገቢ በሁለቱ መካከል ያርፋል። ስጦታው ክብ ቁጥር ስለሆነ የመጣ ሳይሆን ጉድጓዱን ልክ የሚደፍን ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዋጋ ባለበት አይቆምም። ኑሮ በዓመት ከመቶ 3 ቢወደድና ከመቶ 5ቱ ለተማሪዎች ቢወጣ፣ ፈንዱ አቅሙ ሳይመነምን ለመኖር በየዓመቱ በአማካይ ከመቶ 8 ማትረፍ ይኖርበታል። ይህ በደህና ጊዜ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን በ2008 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዋጋው ከሲሶ በላይ ማጣቱን የገበያ ሰው አይረሳውም። ያን ዓይነት ዓመት ሲመጣ ፈንዱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ከዋናው መቁረስ ወይም ሌላ ምንጭ መፈለግ።

በዚህ መንገድ አንስታይን የመጀመሪያው አይደለም። እዚያው ኒውዮርክ የሚገኘው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ት/ቤት በኦገስት 2018 በዓመት 55 ሺህ ዶላር የነበረውን ክፍያ ለሁሉም ተማሪ አንስቷል። ለዚህ የሚያስፈልገኝ 600 ሚሊዮን ዶላር ነው ብሎ፣ ውሳኔውን ይፋ ባደረገበት ዕለት 450 ሚሊዮኑን በእጁ አስገብቶ ነበር።

ክፍያ ትንሿ መስመር ናት

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ሌሎች ት/ቤቶች ክፍያ ለመጨመር ሲሯሯጡ የሕክምና ት/ቤት ክፍያ ለመተው የሚደፍረው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው የገቢ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ከሚያሰባስበው አሃዝ እንደሚታየው፣ በአገሪቱ ካሉ ሕክምና ት/ቤቶች ጠቅላላ ገቢ ውስጥ የተማሪ ክፍያ ድርሻ ከመቶ 4 ገደማ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገቢ የሚመጣው መምህራኑ ሕመምተኛ አክመው ከሚያስገቡትና ተባባሪ ሆስፒታሎች ከሚከፍሉት ነው። ቀጥሎ የምርምር ግራንት ይከተላል። የመንግሥት ድጎማ፣ ስጦታና የፈንድ ትርፍ የቀረውን ይሞላሉ።

በነጋዴ ቋንቋ ከተነገረ የሕክምና ት/ቤት ዋና ሸቀጡ ትምህርት ሳይሆን ሕክምና ነው። ፕሮፌሰሩ ጠዋት ቢያስተምር ከሰዓት በኋላ ያክማል። ከደመወዙ ብዙውን የሚሸፍነው የከሰዓት በኋላው ሥራ ነው። ስለዚህ የሕክምና ት/ቤትን ጤንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የተማሪውን መዝገብ ሳይሆን የሆስፒታሉን አልጋ ማየት አለበት።

አንስታይን ራሱ የተንገዳገደበት ጊዜ

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ አንስታይን ኮሌጅ ነው። በ1955 በሩን የከፈተው በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ2008 የገበያ ቀውስ በኋላ ክፉኛ ተጎዳ። በበርናርድ ማዶፍ ማጭበርበር በወረቀት ላይ 110 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማጣቱን ያስታወቀውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም ዓመታዊ ሒሳቡ በጉድለት መዘጋቱን ቀጠለ። ከጉድለቱ ትልቁን ድርሻ ይይዝ የነበረው የሕክምና ኮሌጁ ነበር። በ2014 የብድር ደረጃ መዳቢው ሙዲስ ዩኒቨርሲቲውን ለአበዳሪ አያስተማምንም ከሚባለው ክልል ውስጥ ጣለው።

መፍትሔው ኮሌጁን ከዩኒቨርሲቲው ነጥሎ ለሆስፒታል መስጠት ሆነ። በሴፕቴምበር 2015 ብሮንክስ የሚገኘው ሞንተፊዮሬ የሕክምና ድርጅት የኮሌጁን ገንዘብና አስተዳደር ተረከበ። ዩኒቨርሲቲው ጉድለቱን ከትከሻው አወረደ። ኮሌጁም ሰፊ የአልጋ ባለቤት አገኘ።

የአልጋው ባለቤት ግን በገንዘብ ተጥለቅልቆ የሚኖር አይደለም። ብሮንክስ ከኒውዮርክ አምስት ክፍሎች ድሃው ነው። የሞንተፊዮሬ አብዛኞቹ ታካሚዎች ለድሆችና ለአረጋውያን በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን የሚታከሙ ናቸው። የመንግሥት መድን ደግሞ የግል መድን ድርጅቶች ከሚከፍሉት ያነሰ ነው የሚከፍለው። የዶ/ር ሩት ስጦታ የደፈነው የተማሪውን መስመር ነው። ትልቁ መስመር አሁንም በዚህ ጠባብ ትርፍ ላይ ቆሟል።

ፊላዴልፊያ ያየችው

ትልቁ መስመር ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከኒውዮርክ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደ ፊላዴልፊያ መሄድ ይበቃል። በዚያች ከተማ በ1848 እና በ1850 የተቋቋሙ ሁለት ነባር ሕክምና ት/ቤቶች ነበሩ። በፒትስበርግ የተነሳ አሌጌኒ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የጤና ድርጅት ሁለቱንም ጠቅልሎ አንድ አደረጋቸው። ድርጅቱ ሆስፒታል በሆስፒታል ላይ፣ የግል ክሊኒክ በክሊኒክ ላይ በውድ ዋጋ ይገዛ ነበር። የተገዙት ክሊኒኮች ግን ኪሳራ አመጡ። በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ መንግሥት ለሆስፒታሎች የሚከፍለውን ሲቀንስ ትንፋሹ አጠረ። በጁላይ 1998 ድርጅቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዞ መክሰሩን አስታወቀ።

ከኪሳራው ይልቅ ሕዝቡን ያስቆጣው በኋላ የተገለጠው ነው። ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲውሉ ተለይተው የተቀመጡ የበጎ አድራጎት ፈንዶች ለዕለት ወጪ ተወስደው ነበር። ላሚቱ ታርዳ ነበር ማለት ነው። የድርጅቱ የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚሁ ጉዳይ በ2002 እስር ተፈርዶባቸዋል። ሆስፒታሎቹን ቴኔት የተባለ አትራፊ ኩባንያ በ345 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ት/ቤቱን ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተረከበው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2018 ቴኔት የድሬክሰል ዋና ማስተማሪያ የነበረውን ሃኔማን ሆስፒታልን ለሌላ ባለሀብት ሸጠው። ገዢው ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በጁን 2019 ሆስፒታሉ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ ወዲያው የኪሳራ ማመልከቻ ለፍ/ቤት ገባ። በመሐል ከተማ የሚገኘው መሬትና ሕንፃ ግን ለብቻ በተቋቋሙ ኩባንያዎች ስም ስለነበረ ከኪሳራው ሒሳብ ውጪ ሆነ። በሆስፒታሉ ለስፔሻሊቲ ይሠለጥኑ የነበሩ ከ550 በላይ ሐኪሞች ሜዳ ላይ ቀሩ።

ለገበያ ሰው የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ሐኪም ለሆስፒታሉ ገንዘብ ይከፍላል። ይህ የሚከፈልበት ቦታ ብዛት ከ1997 ሕግ ወዲህ በጣሪያ የተወሰነ ስለሆነ ቦታው ራሱ ዋጋ አለው። የከሰረው ሆስፒታል የሠልጣኞቹን ቦታዎች ለጨረታ አወጣ። በቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ ሆስፒታሎች 55 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው አሸነፉ። ለአንድ ወንበር 100 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። የኪሳራ ጉዳዮች ፍ/ቤት ሽያጩን ቢያጸድቅም የፌዴራሉ መንግሥት ወንበሩ የሚሸጥ ንብረት አይደለም ብሎ ይግባኝ አለ፤ የበላይ ፍ/ቤትም ሽያጩን አገደው። ድሬክሰል በበኩሉ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት አልጋ ፍለጋ ወጣ። በዚያው ዓመት ከሌላ የሆስፒታል ድርጅት ጋር ተሻርኮ በከተማው ያለውን አንድ የሕፃናት ሆስፒታል በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል።

ሦስቱም እግሮች እየተነቀነቁ ነው

የሕክምና ት/ቤት በሦስት እግር የቆመ በርጩማ ቢሆን አንደኛው ሕክምና፣ ሁለተኛው ምርምር፣ ሦስተኛውና ቀጭኑ የተማሪ ክፍያ ነው። የመጀመሪያው እግር ሲነቀነቅ ምን እንደሚሆን ከፊላዴልፊያ ታይቷል።

የምርምሩ እግር በፌብሩዋሪ 2025 ተነክቷል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ድርጅት ከግራንቱ በላይ ለመብራት፣ ለሕንፃና ለአስተዳደር ጭምር ሲሰጥ የኖረውን ተጨማሪ ክፍያ ከመቶ 15 እንዳይበልጥ ወሰነ። ብዙዎቹ ት/ቤቶች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ይቀበሉ ነበር። ፍ/ቤት ውሳኔውን ቢያግደውም የበጀት ሹሞቹ ከድንጋጤው በቀላሉ አልወጡም።

በጁላይ 2025 ደግሞ ሦስተኛው እግር ተነካ። በዚያ ወር የወጣው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ እንዳያገኝ ደነገገ። በዓመት 60 ሺህና 70 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ት/ቤት ተማሪው ልዩነቱን ከግል ባንክ በውድ ወለድ እንዲያመጣ ይገደዳል፤ ካልሆነም ተማሪውን ያጣል። አንስታይን በዚህ በኩል እፎይ ብሏል። ደንበኛው አይበደርም፤ የሚበደርም ቢኖር ለኑሮው እንጂ ለኮሌጁ ክፍያ አይደለም።

እዚህም ቢሆን ክሊኒኩን ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉን ኮሌጅ ለማድረግ የሚያስብ ባለሀብት ስሌቱን ሲጀምር “ስንት ተማሪ በስንት ብር” ብሎ ነው። የብሮንክስና የፊላዴልፊያ መዝገብ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። አስቀድሞ የሚቆጠረው አልጋ ነው፤ ቀጥሎ አልጋው ላይ ለተኛው ሰው ማን እንደሚከፍል ነው፤ ተማሪው የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ነው። ያለ አልጋ የተመዘገበ ተማሪ ገቢ መስሎ የገባ ዕዳ ነው።

የተማሪውን ክፍያ ለዘለዓለም የሚከፍል ቸር ሰው ብሮንክስ ላይ ተገኝቷል። ትልቁን መስመር ግን ዛሬም በየጠዋቱ ማግኘት ያለበት ሆስፒታሉ ነው።